«አታቋርጠው!» የሚሉ አቋራጮች

የሂፕ ሆፕ ቃለ ምልልስ ፖድካስት የሚወድ ሰው፣ እንግዳው ምን አለ ብላችሁ ብትጠይቁት ራሱን ያካል። አቅራቢው እንግዳውን የት የት ላይ እንዳቋረጠው ግን ደቂቃውን ከነሰከንዱ ይነግራችኋል። «47ኛው ደቂቃ ላይ ስለ መጀመሪያ ኮንትራቱ ሊያወራ ነበር እኮ! ‹ያን ዕለት ቢሮ ስገባ…› ብሎ አፉን ከመክፈቱ ያ ሰውዬ ብርጭቆ አንሥቶ ‹ለዚህማ እንጠጣ!› አለ። በቃ! ታሪኩ እዚያው ቀለጠ!» ይህን በምሬት የሚናገር ሰው የፕሮግራሙ ጠላት እንዳይመስላችሁ። አንድ ክፍል ያላመለጠው፣ ማስታወቂያውን ሳይቀር በቃሉ የያዘ ቀንደኛ ደጋፊ ነው። ጠላትማ ሦስት ሰዓት አይቀመጥም።

ሦስት ሰዓት ማለቴ ለማጋነን አይደለም፤ የረጃጅሞቹ ክፍሎች ልክ እዚያው ግድም ነው። በሳምንት አንድ ብቻ የሚከታተል ሰው በዓመት 156 ሰዓት፣ ማለትም ስድስት ቀን ተኩል ያለ እንቅልፍ ሲያዳምጥ ይከርማል። ስለዚህ ብልጡ የማጫወቻውን ፍጥነት 1.5 ላይ አድርጎ በሁለት ሰዓት ይገላገላል። የባሰበት 2 ላይ አድርጎ በሰዓት ተኩል። ታዲያ በዚህ ፍጥነት መጀመሪያ የሚሞተው ጸጥታ ነው። እንግዳው ተክዞ፣ ጣራ ጣራ አይቶ፣ ዝም ብሎ ቆይቶ የተናገረው ሁሉ በአንድ ትንፋሽ የተለቀቀ ይመስላል። ይኸው ሰው ነው እንግዲህ በማግስቱ «አቅራቢው ለእንግዳው ፋታ አይሰጠውም» ብሎ ክስ የሚመሠርተው። ፋታውን የበላው የገዛ ጣቱ ነው።

ማቋረጥ ሁሉ ከባለጌነት አይመጣም። ሰው ከሰው ሲጨዋወት አንዱ ጨርሶ ሌላው እስኪቀጥል ያለው ክፍተት በአማካይ 200 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው፤ ዓይን እስኪርገበገብ ድረስ ቢሉት ይቀላል። ከዚያ ያለፈ ዝምታ «ጨርሻለሁ፣ ተራው ያንተ ነው» የሚል ይመስላል። እንግዳው ግን የሃምሳ ዓመት ሰው ነው። በ1994 (በዚህ ወግ ያሉት ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) የትኛው ስቱዲዮ ውስጥ ከማን ጋር እንደነበረ ለማስታወስ ሦስት ሰከንድ ይፈልጋል። አቅራቢው አንዷን ሰከንድ ይታገሣል፣ በሁለተኛዋ ይጨንቀዋል፣ ሦስተኛዋ ሳትደርስ «ከዚያ እገሌን አገኘኸው ማለት ነው?» ይላል። እገሌ የሚባለው ሰው በታሪኩ ውስጥ የለም። አሁን ግን ገባ፤ እንግዳው ስለ እገሌ ያወራል፣ ስቱዲዮውም ይረሳል። መድኃኒቱ ገንዘብ አይጠይቅም፦ እንግዳው ዝም ሲል በልብ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ መቁጠር። አምስት ድረስ ለመቁጠር አንጀት ያለው አቅራቢ ደግሞ ሌላ ነገር ያገኛል። እንግዳው ከዝምታው ለማምለጥ ሲል ሊናገር ያላሰበውን ይናገራል።

እንግዳው በኢንተርኔት ከሩቅ የገባ ከሆነ ነገሩ ይብሳል። ድምፅ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ከ150 ሚሊ ሰከንድ በላይ ሲፈጅበት ሁለት ጨዋ ሰዎችም አንዱ በሌላው ንግግር ላይ መደረብ ይጀምራሉ። ከዚያ «ይቅርታ፣ ቀጥል»፣ «የለም የለም፣ አንተ ቀጥል» ይባባላሉ። አድማጩ በዚህ መሐል አራት ደቂቃ መዝለያውን ይጫንና ዋናውን ታሪክ ራሱ ያቋርጠዋል።

«ታዲያ ኤዲተሩ ምን ይሠራል? ለምን ቆርጦ አያወጣውም?» የሚል አይጠፋም። ይህን የሚሉት አንድ ጠረጴዛ ላይ አራት ማይክ ሲደረደር ምን እንደሚሆን ያላዩ ናቸው። በድምፅ ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ደንብ አለ፦ አፍ ከራሱ ማይክ 10 ሴንቲ ሜትር ከራቀ፣ የጎረቤቱ ማይክ ከዚያ ማይክ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት፤ ሦስት እጥፍ። ሰው ግን ሞቅ ሲለው ከማይኩ ይርቃል፣ ወደ ጓደኛው ይጠጋል፣ ጠረጴዛ ይመታል። ያኔ የአቅራቢው «ኧረ! በለው! እውነት?» በራሱ ማይክ ብቻ ሳይሆን በእንግዳውም ማይክ ገብቶ ይቀረጻል። ኤዲተሩ የአቅራቢውን መስመር ቢያጠፋው እንኳ ድምፁ በእንግዳው በኩል፣ ከጓዳ እንደሚጣራ ሰው፣ መሰማቱን አይተውም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባለው ለካ የማይክም ጠባይ ነው። በብርጭቆ ውስጥ የሚንኳኳው በረዶማ ምንም ዓይነት ማጣሪያ አይበግረውም።

ይህ ክስ በብዛት የሚቀርብበት ችሎት «ድሪንክ ቻምፕስ» የተባለው ፖድካስት ነው። ተከሳሹ አቅራቢ ኖሪ፣ ከጓደኛው ራፐር ካፖን ጋር በ1997 የመጀመሪያ አልበማቸውን ያወጣው የኒው ዮርክ ኩዊንስ ራፐር ነው። አጠገቡ የማያሚው ዲጄ ኢኤፍኤን ይቀመጣል። ፕሮግራሙን የጀመሩት በ2016 ነው። እንግዳው ብዙውን ጊዜ በሰል ያለ ባለታሪክ ይሆናል። ጠርሙስ ይደረደራል፤ አፈር ሳይጫነው በቁሙ ያሽትተው ተብሎ አበባ ይበረከትለታል፤ ከዚያ ጨዋታ ይመጣል። ሁለት ስም ይጠራል፣ እንግዳው አንዱን ይመርጣል። «ሁለቱንም አከብራለሁ» ያለ ይጠጣል፣ አብረውት ያሉትም ያጅቡታል። የዚህን ሕግ ተንኮል ልብ በሉ። ደፋሩ «እገሌ» ብሎ በደረቁ ያልፋል። ማንንም ላለማስቀየም የሚጠነቀቀው ጨዋ ሰው ግን በየጥያቄው አንድ መለኪያ ይጨልጣል። አሥረኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ጨዋነቱ ራሱ ሰክሯል፤ ያኔ የሚያመልጠው ስም በማግስቱ ስልክ የሚያስደውል ነው። ደጋፊው ደግሞ እዚህ ድግስ ላይ ተቀምጦ «ዓረፍተ ነገር አይጨርሱም» ብሎ ያለቅሳል። ፕሮግራሙ እኮ የመጠጥ ሻምፒዮኖች ነው የተባለው፤ የሥርዓተ ነጥብ ሻምፒዮኖች አልተባለም።

«እኔ ለኢኤፍኤን ብዬ ነው የማየው» የሚል የረዳቱ ጠበቃም አለ። እውነት አለው። ሁለት አቅራቢ ባለበት ጠረጴዛ አንዱ ነዳጅ፣ ሌላው ፍሬን ነው፤ «ቆይ፣ ስለ ኮንትራቱ ስትል ነበር» ብሎ ወሬውን ወደ መንገዱ የሚመልሰው ሁለተኛው ነው። ጠበቃው የሚረሳው ፍሬን ብቻውን መኪና እንደማይነዳ ነው። ኖሪ ባይጮህ እንግዳው ራሱ ባልመጣ ነበር፤ አብሮ ስቱዲዮ ውስጥ ያደረ፣ አብሮ ጉብኝት የወጣ ሰው ስለሆነ ነው ባለታሪኮቹ ጋዜጠኛ ፊት የማይሉትን እሱ ፊት የሚሉት። ያቋርጣል የሚባለውም ግማሹ በዚሁ ምክንያት ነው፦ ታሪኩን ያውቀዋል፣ እዚያው ነበር፣ መጨረሻው ላይ አብሮ መድረስ ይፈልጋል።

ታሪክ ዐዋቂ ነኝ ባዩ ደጋፊ እዚህ ላይ ጉሮሮውን ይጠርግና «ከኮምባት ጃክ ወዲህ ቃለ ምልልስ የለም» ይላል። ኮምባት ጃክ፣ ሬጂ ኦሴ፣ የሙዚቃ ጠበቃ ነበር፤ ፖድካስቱን በ2010 ጀምሮ በ2017 እስኪሞት ድረስ ሠርቷል። የእሱ ልዩነት ኮንትራት ማንበብ መቻሉ ነው። ለምሳሌ ራፐር «100 ሺህ ዶላር ሰጡኝና ፈረምኩ» ሲል ተራ አቅራቢ «ዋው!» ይላል። ኮንትራት የሚያውቅ ግን ከሽያጩ ድርሻህ ስንት ነበር ብሎ ይጠይቃል። ድርሻው 15 በመቶ ከሆነ ያ ቅድሚያ ክፍያ የሚወራረደው ከዚያችው 15 በመቶ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሽያጩ ወደ 667 ሺህ ዶላር እስኪደርስ ራፐሩ ሌላ ሳንቲም አያይም። የስቱዲዮውና የቪዲዮው ወጪ ሲደረብበት ደግሞ ዳገቱ ይረዝማል። በ47ኛው ደቂቃ ላይ ብርጭቆ የተነሣበት ታሪክ እንግዲህ ይህ ነበር። ደጋፊው መበሳጨቱ አይፈረድበትም።

ሌላው አርጩሜ የካናዳው ቃለ ምልልስ አድራጊ ናርድዋር ነው። «ለምን እንደ ናርድዋር አይዘጋጁም?» ያልተባለ አቅራቢ የለም። የቫንኩቨሩ ሰው የሙዚቃ ሸክላ በስጦታ ይዞ ይመጣል፣ እንግዳው ራሱ የረሳውን የልጅነት ጉዳይ ያነሣል፣ እንግዳውም ክው ይላል። ዝግጅቱን ማንም አይክድም። ግን አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ መልሶቹን ቁጠሩ፦ ብዙዎቹ «ይህን እንዴት አወቅህ?» የሚሉ ናቸው። በእኔ ሚዛን ናርድዋር ፊት ለፊት የሚታየው ነገር ድንጋጤ ነው፤ ድንጋጤ ደስ ይላል፣ ከሦስት ሰዓት ወግ ጋር ግን አይወዳደርም።

ስለ ዝግጅት እውነቱን ለመናገር፣ ጥፋቱ በከፊል የቀን መቁጠሪያው ነው። ከ2015 ሐምሌ ወዲህ አዲስ አልበም በዓለም ዙሪያ የሚወጣው ዓርብ ነው። ስለዚህ እንግዳው ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከስቱዲዮ ስቱዲዮ ይሮጣል፤ አቅራቢውም አልበሙን መኪና ውስጥ ሰምቶ ይገባል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። «አልበሙ እንዴት ተሠራ?» ሲባል ለአራተኛ ጊዜ የሚነገር፣ ጫፉ የተሸራረፈ መልስ ይመጣል። «የዘፈኑ ሁለተኛ ቬርስ ሲቀዳ ክፍሉ ውስጥ እነማን ነበሩ?» ቢባል ግን እንግዳው ይቆማል፣ ጣራውን ያያል። ሦስት የሚቆጠረው ያኔ ነው።

ደጋፊው ዘመንም ይከፍላል። ስለ ራፐሩ ጆ ባደን ፖድካስት ሲነሣ በአጋር አቅራቢዎቹ ስም እንደ ነገሥታት ታሪክ ነው፦ የሮሪና የማል ዘመን፣ ከ2021 መለያየት ወዲያ ያለው የአይስና የኢሽ ዘመን። የቃለ ምልልስ አቅራቢው የዲጄ ቭላድ ተመልካች ደግሞ ሌላ መከራ አለበት። አንዱ ቃለ ምልልስ ተቆራርጦ ስለሚለቀቅ ሰባተኛውን ቁራጭ ያየና አሥራ ሁለተኛውን ያየ ሰው ስለ አንድ ሰው ሲከራከሩ ስለ ሁለት ሰዎች የሚያወሩ ይመስላል።

ማቋረጥ የሌለበት ቃለ ምልልስ ለሚመኝ ግን ምሳሌ አለለት። በ2016 ሚያዝያ ራፐሩ በርድማን «ዘ ብሬክፈስት ክለብ» ሬዲዮ ስቱዲዮ ገባ፣ ስሜን አክብሩ ብሎ አስጠነቀቀ፣ ተነሥቶ ወጣ። ሁለት ደቂቃ ቢያልፍ ጥቂት ነው። ወሬው ግን ዓመታት ቆየ። ቃለ ምልልሱን ያቋረጠው ራሱ እንግዳው ነበር፤ በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች። በ2013 ደግሞ ራፐሩ ካንዬ ዌስት የሬዲዮ አቅራቢውን ስዌይን «መልሱ የለህም» እያለ ሲጮህበት ሁሉም ጩኸቱን ያስታውሳል። ስዌይ የጠየቀው፣ ትልልቆቹን ኩባንያዎች ከምትለምን ለምን በራስህ አትሠራውም የሚል ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው። ጥያቄውን የሚያስታውስ ደጋፊ ብታገኙ እጁን ጨብጡልኝ።

ከዚያ የ2022 ኦክቶበር መጣ። ያው ካንዬ ድሪንክ ቻምፕስ ላይ ተቀምጦ በአሜሪካ ፖሊስ እጅ ስለሞተው ስለ ጆርጅ ፍሎይድ አሟሟት ሐሰት፣ ስለ አይሁድ ደግሞ ጥላቻ ሲናገር ዋለ። ክፍሉ ከዩቲዩብ ወረደ፤ ኖሪ ሬዲዮ ላይ ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ። ስድስት ዓመት ሙሉ «አታቋርጠው!» ሲል የኖረው ደጋፊ በአንድ ሌሊት «ለምን አላቋረጠውም?!» ብሎ ተነሣ። አያፍርም፣ አይሳቀቅም። ደግሞ የሚያናድደው ልክ መሆኑ ነው። እዚህ ጋ ያስፈልግ የነበረው ማቋረጥ ግን ብርጭቆ እንደ ማንሣት የሚቀል አልነበረም፤ «የአስከሬን ምርመራው ግድያ ነው ይላል» ለማለት ምርመራው ምን እንዳለ አስቀድሞ ማወቅ ይጠይቃል። ያም መኪና ውስጥ አይነበብም።

አሁን አምስቱን ደጋፊዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጧቸው። ደቂቃ ቆጣሪው «47ኛው ደቂቃ ላይ…» ብሎ ይጀምራል። ከክፍሉ 58 ሰከንድ ቁራጭ ብቻ ያየው «እኔ ያየሁት ላይ እንዲያውም…» ብሎ ይቆርጠዋል። ታሪክ ዐዋቂው «ኮምባት ጃክ ቢኖር…» ሲል የረዳቱ ጠበቃ «ኢኤፍኤን ባይኖር…» ይላል። ሁለቱ አንድ ላይ ያወራሉ፣ ማንም ሦስት አይቆጥርም። አምስተኛው ዝምተኛ ነው። ክፍሉን በተፈጥሮ ፍጥነቱ፣ እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ የሰማው እሱ ብቻ ነው። ሌሎቹ ውኃ ሊጎነጩ ዝም ባሉበት ቅጽበት ቀስ ብሎ ይገባል።

«መጨረሻው ላይ እኮ ተመልሰውበታል። ሁለት ሰዓት ከ41ኛው ደቂቃ ላይ ‹ስለ ቢሮው ስትል ነበር› ብለው ጠየቁት፣ ሙሉውን ተናገረ። ለካ ያን ዕለት ቢሮ ሲገባ…»

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ደቂቃ ቆጣሪው፣ «ሳልረሳው፣ የአንተ ቶፕ ፋይቭ ራፐሮች እነማን ናቸው?»