ዕዳ የሌለበት ሰው ቤት አያገኝም

አገር ቤት «የሰው ሳንቲም የሌለበት ጨዋ» እየተባለ ሲመሰገን የኖረ ሰው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ደርሶ አፓርታማ ልከራይ ሲል፣ መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ያው ጨዋነቱ ነው። የኪራይ ቢሮዋ ወጣት የማመልከቻውን ክፍያ በፈገግታ ከተቀበለች በኋላ ስሙን ወደ ኮምፒዩተሩ ታስገባለች፤ ኮምፒዩተሩም ሰውየው ከማንም ተበድሮ ስለማያውቅ የሚመሰክርለት ነገር ያጣል። ሽማግሌ ልላክ ቢል የሚሰማው የለም። የሰውን የብድር አከፋፈል በቁጥር የሚመዝነው የፋይኮ የክሬዲት ነጥብ እ.ኤ.አ. በ1989 ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ የሰው ልጅ ከ300 እስከ 850 ባለው ቁጥር መካከል የሆነ ቦታ ላይ ይገኛል፤ ሽማግሌም ሥራ ፈትቷል።

ቀድመው የመጡ ወዳጆች መድኃኒቱን ያውቁታል፤ ቶሎ ብለህ ተበደር ይሉታል። እርሱም የራሱን ገንዘብ ባንክ አስይዞ በዚያው ልክ ክሬዲት ካርድ ይወስዳል፤ ኪሱ ውስጥ ጥሬ ብር እያለ ወተትና ዳቦ በዱቤ ይገዛል፤ በየወሩም ይከፍላል። በዚህ ዓይነት ቀስ በቀስ የታመነ ሰው ይሆናል።

ቁጥሩ እስኪያድግ ድረስ መጠጊያው የወገን ቤዝመንት፣ ማለትም ምድር ቤት ነው። እዚያ ክሬዲት የሚጠይቅ የለም፤ በምትኩ እትዬ ከደረጃው ራስ ላይ ቆመው «የየት አገር ልጅ ነህ? የት ነው የምታስቀድሰው? ታጨሳለህ እንዴ ልጄ?» ይላሉ። ምርመራቸው ከባንኩ የጠለቀ ነው፤ ውጤቱንም ለሰፈሩ ሁሉ ያሳውቃሉ።

መግዛት ግን ሌላ ነገር ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ለአበዳሪው መድን በሚሆንበት፣ ኤፍ ኤች ኤ በሚባለው ብድር፣ ነጥቡ 580 ለደረሰ ሰው 3.5 በመቶ ቅድመ ክፍያ ይበቃዋል፤ ለ400 ሺህ ዶላር ቤት 14 ሺህ ዶላር ማለት ነው፤ የክሎዚንጉ፣ ማለትም የግዢው ውል መዝጊያ ወጪ ለብቻው ነው። ይህን ገንዘብ የእኛ ሰው ከየት እንደሚያመጣው የታወቀ ነው። የጭንቁ መነሻም ይኸው ነው፤ አበዳሪው የባንክ ሒሳቡን አገላብጦ ሲያይ፣ በአንድ ቀን እንደ መና የወረደ ገንዘብ ያገኛል።

«ይህ ገንዘብ ብድር ነው?»

«አይደለም፤ ዕቁብ ነው።»

«ስጦታ ከሆነ ሰጪው ይመለስልኛል እንደማይል ይፈርም።»

«ስጦታም አይደለም፤ የራሴ ገንዘብ ነው።»

«ታዲያ ሰዎች እጅ ምን ያደርግ ነበር?»

«ዕጣዬን ሲጠብቅ።»

ውል አለወይ ሲባል የለም፤ ማስረጃው የዕቁቡ ጸሐፊ ደብተር ብቻ ነው። ደብተሩ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ይላካል። ቡና የፈሰሰበት ገጽ ላይ «የአልማዝ ባል»፣ «ረጅሙ ሹፌር»፣ «ልጅቷ (ሁለት ዕጣ)» የሚል ይነበባል። ሳይከፍል የቀረ ካልሆነ በስተቀር አንድም ሰው በሙሉ ስሙ አይጻፍም፤ የቀረ ደግሞ የለም። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ለዓመታት አንድ ቀን ሳያዛንፉ ዕቁብ የጣሉ ሰዎች በፋይኮ ዓይን ምንም አልከፈሉም፤ የስልክ ቀፎ በክሬዲት ካርድ ገዝቶ የከፈለ ጎረምሳ ግን ይበልጣቸዋል።

ለማንኛውም ከብዙ ደብዳቤ በኋላ ይፈቀድና ገዢው እጁ እስኪዝል ይፈርማል። ቁልፉን ተቀብሎ ሲያበቃ ባለቤት ይባላል፤ የብድሩን የአከፋፈል ሠንጠረዥ ያየ ግን፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሚከፈለው አብዛኛው ወለድ መሆኑን ስለሚረዳ፣ የእርሱ ድርሻ ከበሩ እጀታ እንደማያልፍ ይገባዋል።

ያም ሆኖ ቤት ይመረቃል። ዘመድ ድስቱን ይዞ ይመጣል፤ «እንቦሳ እሰሩ» ተብሎ ይመረቃል፤ የመኖሪያ ማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ግን እንቦሳ ቀርቶ የልብስ ማድረቂያ ገመድ ማሰር ይከለክላል። ዕጣኑ ሲታጠን ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ ይጮኻል፤ አንዱ ጎረምሳ ወንበር ላይ ወጥቶ በፎጣ ሲያራግብለት፣ አንድ አዛውንት ዕዳው መቼ እንደሚያልቅ ይጠይቃሉ። ሠላሳ ዓመት ነው ይባላሉ። የአርባ ሁለት ዓመቱን ባለቤት ከእግር እስከ ራሱ አይተው «ዕድሜ ይስጥህ ልጄ» ይላሉ፤ በዚህ ምርቃት ባንኩም ከልቡ አሜን ይላል።