ሳይቸግር ብርድ ብድር

ማክሰኞ ጠዋት ፒያሳ ቆሜ ማኪያቶ እየጠጣሁ ነበር። አንድ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ መጣ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። በሁለት ጣቱ ከቀበቶዬ በላይ የተረፈውን ሥጋ ቆነጠጠና «ይሄን ለምን አታስቀዘቅዘውም?» አለኝ። የበግ ገዢ እንኳ ላት ጨብጦ፣ ወገብ ዳብሶ ነው ዋጋ የሚጠይቀው። ሆድ ሲቆነጥጥ አላየሁም።

ድሮ «ወፍረሃል» ሙገሳ ነበር። ተመችቶሃል ማለት ነው። ቀጥሎ ወቀሳ ሆነ። አሁን ደግሞ የሐኪም ማዘዣ ሆኗል። ጓደኛዬ ግን ሐኪም አይደለም፤ የሚሸጠው የቤት ቀለም ነው። እሱ ራሱ ሆዱን አስቀዝቅዟል። ቢላ የለ፣ መርፌ የለ፣ አልጋ መያዝ የለ። ማሽኑ ስቡን መጥጦ ይይዝና ያቀዘቅዘዋል፤ አለቀ። ገንዘቡን ሚስቱ ከመሥሪያ ቤቷ ብድርና ቁጠባ አውጥታለት ነው።

እናቴ ብትሰማ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ትል ነበር። ይህን ተረት የምወደውን ያህል ሌላ ተረት አልወድም። ሦስት ቃል ነው፤ ግን የአንድ ሰፈር ታሪክ ይይዛል። የእኛን ሰፈር በተለይ። አንዲት ጎረቤታችን ለማኅበር ብለው ከእናቴ አንድ ቁና ማኛ ጤፍ ተበደሩ። ቤታቸው ጤፍ ሞልቶ እንደነበር ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። የመለሱት ሰርገኛ ነው። ያውም አፈር የበዛበት። እናቴ ምንም ሳትል ተቀበለች። እኔ ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር፤ አሁን ሃምሳ ሊሞላኝ ነው። ዛሬም መንገድ ላይ ሳገኛቸው «እንደምን ነዎት» የምላቸው ጥርሴን ነክሼ ነው።

ወደ ብርዱ ልመለስ። የገረመኝ ብድሩ ብቻ አይደለም። ይህ ሰው ብርድ የሚፈራ ሰው ነው። ሁላችንም እንፈራለን። ከሜክሲኮ ፒያሳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ በሚያዝያ ቀትር፣ ሰው እንደ ጆንያ ተጠቅጥቆ፣ መስኮቱን ሦስት ጣት ያህል ከፈት አድርገህ እስቲ ሞክር። ከኋላ ጋቢ የደረቡት እናት፣ ከፊት ሹፌሩ፣ ከመሀል ረዳቱ፣ ሁሉም በአንድ አፍ «ኧረ ዝጋው!» ይሉሃል። ወገብ ቢታመም ብርድ ነው። ሆድ ቢነፋ ብርድ ነው። ፊት ቢጣመም ብርድ ነው። በዚህ መስኮት ጉዳይ ስንት ጊዜ ተሰድቤያለሁ! በላብ ታጥቤ ቢሮ የምገባው በማን ምክንያት ሆነና! ይኸው ሕዝብ ነው እንግዲህ ሆዱን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ገደማ በሚቀዘቅዝ ማሽን አስይዞ፣ እስከ አንድ ሰዓት ለመጋደም የሚከፍለው።

ነገሩ ውሸት ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 ሐኪሞች በእንጨት የተሰካ በረዶ የሚመጥጡ ሕፃናት ጉንጫቸው ውስጥ ያለው ስብ እንደሚጎዳ ጽፈዋል። ስብ በቅዝቃዜ ከቆዳ ቀድሞ ይሞታል። በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ማንስታይንና አንደርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን አሳማ ላይ ሞክረው በ2008 አሳተሙ። በ2010 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ማሽኑን ለጎን ስብ ፈቀደ። የሞተውን ስብ ሰውነት ራሱ በሁለት ሦስት ወር ጠራርጎ ያወጣዋል። የሚቀንሰው ታዲያ በዚያች ቦታ ካለው የስብ ንጣፍ ከ20 እስከ 25 በመቶ ገደማ ነው። ሚዛን ላይ ብትወጣ ቁጥሩ ያው ነው። መቅላቱ፣ መበለዙና መደንዘዙ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል።

የእኛ የወንዶቹ ቦርጭ ደግሞ፣ ያ እንደ ከበሮ የተወጠረው፣ አብዛኛው ስቡ ከጡንቻው ጀርባ አንጀት ዙሪያ ነው። ማሽኑ እዚያ አይደርስም። የሚይዘው በጣት የሚቆነጠጠውን ብቻ ነው። ለካስ ጓደኛዬ ምርመራ ነበር ያደረገልኝ! ማኪያቶ ቤት፣ ሰው እያየ፣ ሳልጠይቀው።

በጥቂት ሰዎች ላይ ስቡ በመቀነስ ፈንታ ያድጋል፤ ይጠጥራል። ማሽኑ የያዘበትን ቅርጽ ይዞ እንደ ደረቅ ሳሙና ጉብ ይላል። በራሱ አይጠፋም፤ ቢላ ሸሽቶ የሄደው ሰውዬ ተመልሶ ቢላ ይጠብቀዋል። ታዋቂዋ ሞዴል ሊንዳ ኢቫንጀሊስታ ይህ እንደደረሰባት በ2021 ተናግራ፣ ክስ መሥርታ፣ በ2022 ጉዳዩ በስምምነት አለቀ። ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ ነገርኩት። ሳቀብኝ። «አንተ ድሮም ፈሪ ነህ» አለና ለሁለተኛ ጊዜ ሊቆነጥጠኝ እጁን ሰደደ። ስኒዬን ይዤ ዞር አልኩ።

ሐሙስ ማታ አብረን ለቅሶ ልንደርስ ተቀጣጥረን ነበር። ደወለ። ድምፁ ተዘግቷል።

«አልመጣም።»

«ምነው?»

«ታክሲ ውስጥ አንዱ መስኮት ከፍቶ ብርድ መታኝ።»