ሁለቱም 3 ነጥብ ናቸው፤ ታዲያ ፈረስ ይሻላል ወይስ ቢሾፕ?

ቼዝ የጀመረ ሰው ቶሎ ከሚሸመድዳቸው ነገሮች አንዱ የጠጠሮቹ ዋጋ ነው። ወታደር 1፣ ፈረስ (በኤል ቅርጽ የሚዘለው) 3፣ ቢሾፕ (በሰያፍ የሚሄደው) 3፣ ሩክ 5፣ ንግሥት 9። ንጉሥ ዋጋ አይወጣለትም። ሁለቱን ባለ 3 ነጥቦች ግን እኩል ናቸው ብሎ ማለፍ ሁለቱን ተከራካሪዎቻችንን አላስማማም።

የቢሾፕ ወገን፦

እኩል ናቸው የሚለውን ቦርዱ ራሱ አይቀበለውም። ቢሾፕን ባዶ ቦርድ መሀል ላይ አስቀምጠው፤ 13 ቤት ያያል። ፈረስ እዚያው ቦታ 8 ብቻ። ጥግ ላይ ደግሞ ቢሾፕ 7፣ ፈረስ 2።

አሁን ቢሾፕህን ዲ4 ላይ፣ የባላጋራህን ፈረስ ኤ4 ላይ አድርግ (ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ያመለክታል)። የፈረሱ መውጫ አራት ነው፦ ቢ2፣ ቢ6፣ ሲ3፣ ሲ5። አራቱንም ቢሾፑ ይዟቸዋል። የትም ቢረግጥ ይበላል። አንድ ጠጠር ብቻውን፣ ከሩቅ ሆኖ ሌላውን አሰረው ማለት ነው። ፈረስ ባዶ ቦርድ ላይ ቢሾፕን እንዲህ አስሮ ማስቀመጥ አይችልም።

የፈረስ ወገን፦

ወዳጄ፣ የቆጠርከው ባዶ ቦርድ ላይ ነው። ጨዋታው ግን በወታደሮች ተሞልቶ ነው የሚጀመረው። መሀሉ ሲቆላለፍ ያ 13 ቤት ያያል ያልከው ቢሾፕ ከገዛ ወታደሮቹ ኋላ ተቀርቅሮ ይቀራል። ፈረስ ዘሎ ያልፋል።

ደግሞ ቢሾፕ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ቀለም ላይ ነው። ከ64ቱ ቤቶች 32ቱን አይደርስባቸውም። ፈረስ በየእርምጃው ቀለም ይቀይራል፤ ጊዜ ስጠው እንጂ የማይረግጠው ቤት የለም።

ሲ7 ላይ ሲያርፍ አይተኸዋል? ኢ8 ላይ ላለው ንጉሥ ቼክ ይላል፣ ንጉሡ ሲሸሽ ኤ8 ላይ ያለውን ሩክ ይበላል። በመሀል ጠጠር አስገብተህ ልትከላከለው አትችልም። ንግሥትን ሲያጠቃ እንኳ እሷ መልሳ ልትበላው አትችልም፤ የሱን አካሄድ አታውቀውም። ይህን ከሌሎቹ ጠጠሮች ማን ያደርገዋል?

በ1985 እ.ኤ.አ. የዓለም ሻምፒዮና 16ኛው ጨዋታ ላይ ካስፓሮቭ በጥቁር ተጫውቶ ፈረሱን ዲ3 ላይ ተከለው። ሲ1ንና ኢ1ን ስለዘጋባቸው የካርፖቭ ሩኮች መላወሻ አጡ። ካስፓሮቭም አሸነፈ። እኔ ከዚያ ፈረስ የሚያምር ጠጠር አላየሁም።

የቢሾፕ ወገን፦

ያምራል፣ አልክድም። ግን ፈረስ እንዲያ የሚሆነው የማይባረርበት ቦታ ሲያገኝ ነው፤ ያ ቦታ ደግሞ ሁልጊዜ አይገኝም። እኔም በ1971 እ.ኤ.አ. ፊሸርና ታይማኖቭ የተጫወቱትን አራተኛ ጨዋታ ልጥቀስልህ። ፊሸር ቢሾፕ፣ ታይማኖቭ ፈረስ ይዘው መጨረሻ ላይ ደረሱ። ፈረስ አንድ በሽታ አለው፤ እንደ ቢሾፕ አንድ ተራ አባክኖ እዚያው ቤት ላይ መድረስ አይችልም፤ ወደነበረበት የሚመለሰው ሁልጊዜ በጥንድ እርምጃ ነው። ታይማኖቭ መሄድ ግዴታ ሆኖበት ደህና መሄጃ አጣ። ከዚያ ፊሸር ቢሾፑን ሰጥቶ ወታደሮቹን ጠራረገ።

ሁለት ቢሾፕ ከንጉሥ ጋር ማት ያደርጋሉ፤ ማለትም የባላጋራውን ንጉሥ አጥቅተው መውጫ ያሳጡታል። ሁለት ፈረስ ብቻቸውን ባላጋራው ካልተሳሳተ ማት ማስገደድ አይችሉም። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ የአልፋዜሮ (ቼዝ የሚጫወት የኮምፒውተር ፕሮግራም) ጥናትም ፈረስን 3.05፣ ቢሾፕን 3.33 ብሎ ነው የገመተው።

የፈረስ ወገን፦

የቼዝ ተጫዋቹ ላሪ ካውፍማንም በ1999 እ.ኤ.አ. ብዙ ጨዋታዎችን መርምሮ ለሁለቱም 3.25 ሰጥቷል። ተጨማሪ ግማሽ ነጥብ የጨመረው ሁለቱን ቢሾፖች አንድ ላይ ለያዘ ሰው ነው። ስለዚህ የምትመካበት ጥንዱ ነው፤ ጥንዱን አትበትን ስትል አብሬህ ነኝ።

አንዱ ከሄደ ግን ሌላ ነገር ነው። ዳር መስመር ላይ አንድ ወታደር ይዘህ፣ ንግሥት የሚሆንበት ጥግ ከቢሾፕህ ቀለም ውጭ ከሆነ፣ የባላጋራህ ንጉሥ እዚያ ጥግ ገብቶ ይቀመጣል። ወታደር ተርፎህ እኩል ትወጣለህ። ወታደሮችህ በቀረው ቢሾፕህ ቀለም ላይ ተቆላልፈው ከቆሙማ፣ ፈረሴን በእሱ ለውጥ ብትለኝ እሺ አልልህም።