አንተ በረንዳ አለህ አይደል?

የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን ቤት ስትቀይር የጎማ ዛፍ ይዛብኝ መጣች። ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። ቁና ቁና እየተነፈሰች ሳሎን መሀል ገተረችውና፣ "አዲሱ ቤቴ በረንዳ የለውም፤ አንተ ግን አለህ አይደል?" አለችኝ።

አለኝ። በረንዳ ያለው ሰው ደግሞ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ያልተመቸውን ተክል የሚጥልበት ጓሮ ነው። አንዱ ለመንገድ ሲነሳ "ለትንሽ ቀን" ብሎ ያስቀምጣል፣ ይመለሳል፣ ተክሉን ግን አይወስድም። ሌላው በቁሙ የደረቀ ነገር አምጥቶ "አንተ ጋ ያገግማል" ይላል። ሐኪም መሰልኳቸው እንዴ?

በረንዳዬ ወርዱ 1 ሜትር ነው። ሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ከጀርባው እስከ ጉልበቱ ብቻ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይፈጃል። የወንበሩን መደገፊያ ጨምሩበት፣ እግር ትንሽ ዘርጋ ይበል፣ ሜትሯ አለቀች። በዚያ ላይ በሩ የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው። 80 ሴንቲ የሚሆን በር ግማሹን በረንዳ ጠርጎ ነው የሚዞረው። ይህን በር ያሰበው ሰው በረንዳ ላይ ተቀምጦ አያውቅም፤ መሐላ እገባበታለሁ።

ስልካችሁ ላይ የሚመጡትን የበረንዳ ፎቶዎች አይታችኋል? የእንጨት ወንበር፣ ነጭ ትራስ፣ ዙሪያውን ዐሥራ ምናምን አበባ። ወንበሩ ላይ ግን ሰው የለም። እንዴት ይኑር? እግሩን የት አባቱ ሊያደርገው? ነጩ ትራስ ደግሞ ይገርመኛል። አቧራና ዝናብ በሚገባበት ቦታ ነጭ ትራስ!

የምወደው ተረት አለ። "በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ።" ለብድርም፣ ለጋብቻም፣ ቅናሽ ለተለጠፈበት ዕቃም እጠቅሰዋለሁ። በረንዳ ላይ ግን ምሳሌነቱ ይቀርና እውነት ይሆናል። ሳሩም አለ፣ ገደሉም አለ። ሰው አበባውን ከብረቱ ውጭ፣ በመንገደኛ አናት ላይ ያንጠለጥለዋል። ፎቁ ከፍ ባለ ቁጥር ነፋሱ እንደሚበረታ የሚያስታውሰው መትከያው ሲወርድ ነው። ክብደቱንም ማንም አያስበውም። 30 ሊትር የሚይዝ መትከያ የጓሮ አፈር ሞልታችሁ ውሃ ብታጠጡት ከ40 ኪሎ ያልፋል። እንደሱ ዓይነት አራት አምስት ደርድራችሁ፣ መሀላቸው ተቀምጣችሁ ነፋስ ልትቀበሉ ነው። በሉ እንግዲህ።

ገደል ካነሳሁ አይቀር የላይኛዋን ጎረቤቴን ላንሳ። ቂም ነው፣ አልክድም። እሳቸው አበባ ሲያጠጡ እኔ ጋ ይዘንባል። ዝናቡም ቡናማ ነው። የሚወርደው ደግሞ ልብስ ባሰጣሁበት ቀን ነው። "እትዬ፣ ከሥሩ ሳህን ቢያደርጉበት?" አልኳቸው በትሕትና። "ውሃ እኮ ነው ልጄ፣ ይደርቃል" አሉኝ። ይደርቃል። ሸሚዜ ላይ ካርታ ስሎ ነው የሚደርቀው። ስጨቀጭቃቸው ከርሜ ሳህኑን አደረጉት፤ አሁን ደግሞ አይደፉትም። የተኛ ውሃ ላይ ትንኝ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ሙቀት ካለ በሳምንት በዐሥር ቀን ልጆቿ ክንፍ አውጥተው ይበራሉ። የሚበሩት ወዴት እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

እኚሁ ሴትዮ ምክርም ይሰጡኛል። "ውሃው እንዲወርድ ከታች ጠጠር አድርግበት።" ይህን ጠጠር ያልመከረኝ ሰው የለም! ስሙኝማ። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር ዝም ብሎ አይንጠባጠብም። አፈሩ መጀመሪያ እስኪጠግብ ይይዘዋል። ስለዚህ ጠጠሩ ረግረጉን ወደ ተክሉ ሥር ከፍ ያደርገዋል እንጂ አያደርቀውም። የሚያስፈልገው ከታች ቀዳዳ ነው። ቀዳዳ! ሰው ግን ጠጠር ተሸክሞ አምስት ፎቅ ይወጣል፣ ቀዳዳ መብሳት ይከብደዋል።

ምን ላይ ነበርኩ? አዎ፣ ወንበር። ሁሉም ሰው ተክሉን ይደረድርና ከዚያ ወንበር የሚገባበት ይፈልጋል። አይገባም። መጀመሪያ ወንበሩን አውጡ፣ ተጣጣፊ ቢሆን ይመረጣል። ቁጭ በሉበት። እግራችሁን ዘርጉ፣ በሩን ክፈቱና ዝጉ። የማይነኩት ጥግ ካለ እሱ የተክል ነው። ጥላ ከሆነ ፈርን የሚባለው ቅጠላም ተክል፣ ፀሐይ ከሆነ ጄራኒየም የሚባለው አበባ። ናና ካማራችሁ ለብቻው ትከሉት፤ ሥሩ የጎረቤቱን ቦታ ሳይወርስ አይተኛም። የጎማ ዛፍን በተመለከተ ለአክስቴ ልጅ በስልክ እነግራታለሁ።

ተክሉን ግድግዳ ላይ መስቀል ይቻላል የሚልም አለ። ይቻላል። ብድግ ስትሉ አናታችሁ የት እንደሚደርስ ብቻ ቀድማችሁ ለኩ።