ለክቡር የባቡር ሰዓት ሠንጠረዥ

ባሉበት

ጉዳዩ፦ ተራ ስለ ማጣቴ

እ.ኤ.አ. በ1931 የታተመውን የዶሮቲ ሴየርስን የወንጀል ልብ ወለድ «ፋይቭ ሬድ ሄሪንግስ» የጀመርኩት ገዳይ ፍለጋ ነበር፤ ያገኘሁት እርስዎን ነው። ስኮትላንድ፣ ጋሎዌይ ውስጥ ካምቤል የሚባል ጠበኛ ሠዓሊ ወንዝ ውስጥ ሞቶ ይገኛል። ተጠርጣሪዎቹ ስድስት፤ ስድስቱም ሠዓሊ፣ ስድስቱም ሟቹን ዓይኑን ማየት የማይፈልጉ። ከዚያ በኋላ ሬሳውን ማን አስታውሶት! ማን በየትኛው ባቡር ሄደ፣ የማን ብስክሌት የት ጣቢያ ተገኘ፣ ትኬቱን ማን በሳው… ስለ ስኮቶቹ አነጋገር ባልናገር ይሻለኛል።

ማክሰኞ ለታ እርስዎን ለመፍታት ደብተሬን ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት ተሰለፍኩ። በግራ ስድስቱን ስም፣ በቀኝ ሰዓታቸውን ስጽፍ ከኋላዬ ያሉ እናት አንገታቸውን አስግገው አዩና «ልጄ፣ ተራ መዝጋቢው አንተ ነህ? እኔንም ጻፈኝ» አሉኝ። አይደለሁም ልል ስል አንዱ «እኔ እኮ ከሳቸው ቀድሜ ነው የመጣሁት» ብሎ ተነሣ። ሰልፍ ላይ ደብተር የያዘ ሰው ምን እንደሚሆን መቼም የታወቀ ነው። ጻፍኩ። 23 ሰው መዘገብኩ፣ ሁለት ሰው አጣላሁ። መስኮቱ ሲከፈት «ጥራ!» ተባልኩ፤ ደንግጬ ከላይ ጀመርኩ። «ፈርጉሰን! ፋረን!»

ዝም።

«ፈረንጆቹን አስቀድሞ መዝግቧቸዋል!» አለ አንዱ። «ስንት ተቀበልክ?» አለች ሌላዋ። የራሴ ስም ደግሞ ዝርዝሩ ላይ የለም። መጨረሻ ቆምኩ።

ሰባት ሰዓት ላይ ደረሰኝ። ልጅቷ ፎርሜን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ «አንድ ነገር ይጎድላል» ብላ መለሰችልኝ። ምን? «ራስህ እየዋ!»

ይህን ቃል የት እንደማውቀው ያን ጊዜ ገባኝ። መርማሪው ሎርድ ፒተር ከሟቹ ዕቃ መሃል የጎደለውን ነገር ገና በመጀመሪያው ለፖሊሱ ይነግረዋል፤ ደራሲዋ ግን ብልህ አንባቢ ራሱ ይደርስበታል ብላ ከገጹ አስቀረችው። አልደረስኩበትም! የነጭ ቀለም ቱቦ ነው። የዘይት ቀለም በእጄ ነክቼ አላውቅም፤ ከየት ላምጣው? የጎደለውን እያወቁ አለመናገር፣ መስኮት ውስጥም ሆነ መጽሐፍ ውስጥ፣ ብልጠት አይደለም። ንቀት ነው። በገዛ ገንዘቤ የገዛሁት ንቀት።

ፎርሙ እስከ ዛሬ ከእርስዎ ጋር ደብተሬ ውስጥ ነው።

ከሰላምታ ጋር
ተራ መዝጋቢው

ግልባጭ፦
ለብልህ አንባቢ
ካለበት