ኮፍያው የማን ክለብ ነው?

እህቴ ማርገዟ እንደታወቀ ቤተሰቡ ሥራ ተከፋፈለ። እናቴ ቅቤውን፣ አክስቴ የገንፎ ዱቄቱን፣ የእህቴ ባል ደግሞ መጨነቁን ወሰዱ። ሥራ ያጣሁት እኔ ብቻ ነኝ። «እኔ የሹራብ ኮፍያ እሠራለሁ፤ በእጄ፤ ባለ መስመር» አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። አክስቴ «እኛ ዘር ውስጥ መርፌ የያዘ ወንድ የለም» አለችና ወደ ጀበናው ዞረች።

ይቺ ነገር እስካሁን ትከነክነኛለች። ያን ቀን አክስቴ የለበሰችውን ጋቢ ማን ሠራው? ሸማኔ። ሸማኔው ማነው? ወንድ። ሴቷ በእንዝርት ፈትላ ስትሰጠው፣ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ ቀኑን ሙሉ መወርወሪያ ሲያመላልስ የሚውል ወንድ ወንድነቱ አልተጠረጠረም። ሁለት መርፌ ሲጨብጥ ግን አገር ይታመሳል። ያውም ባሕር ዳር! ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ፣ በ1950ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተተከለባት ከተማ፣ ስንቱ በክር ልጅ ያሳደገባት ከተማ፣ እኔ ላይ ስትደርስ ክር ነውር ሆነባት።

ክር ልገዛ ወጣሁ። «ሱፍ አለ?» ስላት ሻጯ «ሁሉም ሱፍ ነው» አለችኝ። ወረቀቱ ላይ አክሪሊክ ይላል፤ ሰው ሠራሽ ክር ማለት ነው። ባሳያት «እሱ የፋብሪካው ስም ነው» አለችኝ። ባለ 4 ሚሊ ሜትር መርፌ ጨምሬ ተመለስኩ።

አንዳንዱ ሰው ለባሕር ዳር ልጅ የሹራብ ኮፍያ ምን ያደርጋል ይል ይሆናል። እውነት ነው፣ ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ዘንባባው ራሱ ጥላ የሚፈልግ ይመስላል። የአራስ ቤት ግን የራሱ አየር ንብረት አለው። ውጭ አስፋልቱ እየቀለጠ፣ ውስጥ በር ተዘግቶ፣ መጋረጃ ወርዶ፣ ሕፃኑ በሦስት ፎጣና በአንድ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ አክስቴ «ነፋስ ገባ!» ትላለች። ነፋሱ የገባው እኔ ስገባ ነው።

ከዚያ ሒሳቡ መጣ። አዲስ የተወለደ ልጅ ራስ ዙሪያው ወደ 35 ሴንቲ ሜትር ነው። ሹራብ ስለሚለጠጥ ኮፍያው ከራሱ ጠበብ ማለት አለበት፤ 33 አልኩ። መጀመሪያ ትንሽ ቁራጭ ሠርቼ በማስመሪያ ብለካ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 22 የክር ቀለበት አገኘሁ። ስለዚህ 72 ቀለበት። 72 ለ4 ይካፈላል፤ ይህ ለሚለጠጠው ጠርዝ ነው፤ ሁለት ቀጥ፣ ሁለት ግልብጥ። ለ8ም ይካፈላል፤ ይህ ደግሞ አናቱ ላይ እየቀነሱ ለመዝጋት። በዕድሜዬ ሒሳብ እንዲህ ታዞልኝ አያውቅም።

መዝጋቱን የተማርኩት ከዩቲዩብ ነው። ሴትዮዋ «አሁን ልብ በሉ፣ ሁሉም የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው» ስትል መብራት ጠፋ። ሁሉም የሚሳሳተው ምን ላይ እንደሆነ ራሴ ተሳስቼ ደረስኩበት።

ዋናው ጣጣ ግን ቀለሙ ነበር። ማንጎ ፓርክ፣ ጣና ዳር ቁጭ ብዬ በቀይና በነጭ ጀመርኩ። የደንገል ታንኳ በፊቴ ቀስ ብሎ ያልፋል፣ እኔም በእሱ ፍጥነት እሠራለሁ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ልጅ ቆም አለና «ወንድሜ፣ አርሴናል ነህ አይደል?» አለኝ። አይደለሁም ብለው አላመነኝም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ሳይሸነፉ ዋንጫ የወሰዱበትን ዘመን ከጎኔ ተቀምጦ ተረከልኝ። ማታ የእህቴ ባል ኮፍያውን አየና ፊቱ ጠቆረ። የማንቸስተር ዩናይትድ ሰው ነው። «ልጄ ገና ሳይወለድ እንዲህ ይበደል?» አለ። ፈታሁት።

አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ላድርገው፣ ይህ እንኳ ሁሉንም ያስማማል አልኩ። የዋህነቴ! አንዱ ጎረቤት «ኮከቡስ?» አለኝ፤ ሌላው «ኮከብ ብታደርግበት አንተን አያርገኝ» አለ፤ ሦስተኛው የአረንጓዴው መስመር ከቀዩ ለምን እንደሰፋ በትሕትና ጠየቀኝ። የሰፋው ቆጠራ ስለተሳሳትኩ ነው። ማን ይመነኝ? ያልተወለደ ልጅ በሰንደቅ ዓላማ ጉዳይ አቋም ሳይዝ ቶሎ ፈታሁት።

ሰማያዊና ነጭ ላይ ተረጋጋሁ። «ሰማያዊ ነው፣ እንግዲያው ወንድ ነው» ተባለ። አክስቴም የእህቴ ሆድ ሾጠጥ ያለ ስለሆነ ወንድ መሆኑን አጸደቀች። ወንድ በ40 ቀኑ ክርስትና ስለሚነሳ በጥድፊያ ገባሁበት። ባለ መስመር ሥራ መስመሮቹ ሙሉ በሙሉ ጥንድ ረድፍ ከሆኑ ክሩ ሳይቆረጥ ጠርዝ ላይ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ እኔ ቀለም በቀየርኩ ቁጥር ቆርጬዋለሁ። ኮፍያው ሲያልቅ ውጩ ያምራል። አክስቴ ገለበጠችው። ውስጡ በየመስመሩ ጫፍ የተንጠለጠለ ክር ነው። «ውጩ ኮፍያ፣ ውስጡ ፍየል» አለች። ደግነቱ ልክ ነበረች፤ የላላ ክር የሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ያግዳል፤ ሁለት ማታ ሙሉ እያንዳንዱን ጫፍ በመርፌ መልሼ ስደብቅ አመሸሁ።

ሴት ተወለደች። ሴት በ80 ቀኗ ነውና 40 ቀን ተመረቀልኝ፤ ደስ አለኝ። ሜትር ይዤ አራስ ቤት ሄድኩ፤ ራሷን ልለካት። አክስቴ በር ላይ አስቆመችኝ። «ልጅ በሜትር አይለካም፤ በሜትር የሚለካው የሬሳ ሳጥን ነው» አለችኝ። ስለ ቀለሙ 11 ሰው አማክሮኛል፤ ራሷን ለካት ያለኝ ግን አንድም የለም።

በ80ኛው ቀን ቅዱስ ጊዮርጊስ ግቢ፣ ከጥምቀቱ በኋላ፣ ኮፍያው በክብር ተጫነላት። ለአንድ ደቂቃ አማረባት። ከዚያ ከጆሮዋ ላይ ሳብ አለ። ወደ ግንባሯ ወጣ። የጠርዙ ሁለት ቀጥ ሁለት ግልብጥ እንደ ጥርስ ነክሶ እየገፋ፣ መስመሮቹ አንድ በአንድ እየተጨማደዱ፣ አናቷ ላይ እንደ እንጉዳይ ቆመና ቧ ብሎ የክርስትና እናቷ ደረት ላይ ወደቀ። የእህቴ ባል አንስቶ አገላብጦ አየው። «ግን ይሄ ሰማያዊ የቼልሲ አይደለም?» አለ።

አክስቴ ቀማችው፤ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ይቀመጥ፤ ለሚቀጥለው ይሆናል» አለች፣ እህቴን እያየች።

እህቴ ከተገላገለች ገና 80 ቀኗ ነው። ለአክስቴ መልስ አልሰጠችም። ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረችና «መርፌዎቹ የት ናቸው?» አለችኝ።