ይድረስ ለክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ

ይድረስ በአዲስ ዘመን ለወጣኸው፣ በዩኒቨርሲቲው በር ላይ ለተለጠፍከው፣ በቴሌግራም ለምትዞረው ማስታወቂያ።

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ። ማስተርሴም ደህና ነው፤ ፋይል ውስጥ ተኝቷል።

«ረዳት ተመራማሪ፣ ብዛት 1» ብለህ ስትጠራኝ ደስ አለኝ። በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ኑ ብለሃል። እኔ ያየሁህ በ7ኛው ቀን ነው። ከግርጌህ ደግሞ «በፖስታም ሆነ በኢሜይል የሚላክ ማመልከቻ አንቀበልም» ይላል። ከዚያው ሥር «የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ባለሙያ፣ ብዛት 2» ትፈልጋለህ። እነሱም በአካል!

ከሌሊቱ 10 ሰዓት መናኸሪያ ተሰልፌ መጣሁልህ። ዋናውንና የማይመለስ ፎቶኮፒ ይዤ።

ስለዚህ ስለማይመለሰው ኮፒ ትንሽ ላጫውትህ። የት ነው የሚሄደው? ዲግሪዬ ከኔ በላይ ብዙ ግቢ ገብቷል፤ እኔ ከበር ስመለስ እሱ እዚያው ይቀራል። አንድ ቀን ቆሎ ስገዛ በትራንስክሪፕቴ ተጠቅልሎ ይሰጠኛል ብዬ እሰጋለሁ። ያኔ እንኳ ግሬዴን የሚያነብ ሰው ይገኝ ይሆናል።

የሥራ ልምድ አልክ። ሁለት ዓመት ለአንድ ጥናት ቤት ለቤት እየዞርኩ መረጃ ሰብስቤያለሁ፤ ስንት ውሻ አባሮኛል። «ፕሮጀክት ነው፣ አይያዝም» ተባልኩ። የግል ድርጅት ልምዴን አቀረብኩ። «ግብር የተከፈለበት መሆኑን አጽፈህ አምጣ» ተባልኩ። ግብሩን ከደሞዜ የቆረጠው አሠሪዬ፣ ተጠያቂው እኔ።

ታናሽ ወንድሜም «0 ዓመት» የምትለዋን አይቶ ተከትሎኝ መጥቶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረውን የመውጫ ፈተና በስንት መከራ አልፎ ነው የተመረቀው። አንተ ደግሞ የመግቢያ ፈተና አዘጋጅተህ ጠበቅከው። ሰልፉ አጥሩን ዞሮ ነበር፤ ስለሱ ባላወራ ይሻላል።

ልቤን የነካው ግን የመጨረሻው መስፈርትህ ነው፤ «የዩኒቨርሲቲውን የመረጃ አያያዝ ሥርዓት ጠንቅቆ የሚያውቅ»። ውጭ የቆመ ሰው ከየት ያውቀዋል? ልብስ ሰፊ እንኳ እንዲህ አጥብቆ ልክ አይወስድም። የእናቱን ስም ብቻ ነው መጻፍ የረሳኸው።

በሩ ላይ ያለችው የኮፒ ቤት ልጅ አሁን በስሜ ነው የምትጠራኝ። ባለፈው አንድ ገጽ በነፃ ሠራችልኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ወንድሜ፣ ልጁ እኮ በኮንትራት ከገባ ቆየ» አለችኝ። «ማስታወቂያውንም ያባዛው እዚሁ ነው።»

ከሰላምታ ጋር
ተመዝጋቢ ቁጥር 412

ግልባጭ፦
ለኮፒ ቤቷ (የማይመለስ)